ብርቅዬ የጌጥ ሙዞች በአዲስ አበባ ዙሪያ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

በሱሉልታ፣ በሰንዳፋ፣ በለገጣፎ፣ በቡራዩ፣ በሰበታ ወይም በገላን ቤት ሠርቶ ግቢውን ማልማት የጀመረ ሰው፣ ጽዱንና ጽጌረዳውን ከተከለ በኋላ ዓይኑ ሰፊ ቅጠል ላይ ያርፋል። የጌጥ ሙዝ በሁለት በሦስት ዓመት የግቢን መልክ ይለውጣል። የሚያስቸግሩት ሁለት ነገሮች ናቸው፤ አንዱ የኅዳርና የታኅሣሥ ውርጭ፣ ሌላው የስም መደበላለቅ። በብርዱ ምክንያት ከሚሞተው ይልቅ በስሙ ምክንያት ያለ ቦታው ተተክሎ የሚሞተው ይበዛል።

"የጌጥ ሙዝ" የሚባለው የትኛው ነው?

ለፍሬው ሳይሆን ለቅጠሉ፣ ለግንዱ ቀለም ወይም ለአበባው ተብሎ የሚተከል የሙዝ ቤተሰብ ተክል ሁሉ ነው። ቤተሰቡ ሦስት ወገን አለው፦ ሙሳ ማለትም እውነተኛው ሙዝ፣ እንሰት፣ እና ከደቡብ ምዕራብ ቻይና ተራሮች የመጣው ሙሴላ።

ሦስቱም ዛፍ አይደሉም። ግንድ የሚመስለው ነገር እርስ በርሱ ተጠቅልሎ የቆመ የቅጠል እግር ነው። ትክክለኛው ግንድ መሬት ውስጥ ያለው ጉብ ያለ ክፍል፣ በእንሰት አሚቾ የምንለው ነው፤ እዚህም ለሙዙ ጭምር አሚቾ እንለዋለን። ተክሉ ለማበብ እስኪነሣ ድረስ የማደጊያው ጫፍ ከአሚቾው አናት፣ ከአፈሩ ብዙም ሳይርቅ ይቀመጣል። ቅጠሉ በውርጭ ተቃጥሎ ተክሉ የሚተርፈው ለዚህ ነው። እያንዳንዱ ግንድ የሚያብበው አንድ ጊዜ ብቻ ሲሆን ካፈራ በኋላ ይሞታል። ሙሳ ከሥሩ ተተኪ ቡቃያ ትቶ ያልፋል፤ እንሰት ግን በራሱ ተተኪ አያወጣም።

ግቢዬ ውስጥ ያለው ኮባ ነው፣ እንሰት ነው ወይስ ሙዝ?

ኮባና እንሰት አንድ ተክል ናቸው። አዲስ አበባ ላይ ቅጠሉ ለድፎ ዳቦ የሚቆረጠውም፣ በጉራጌና በሲዳማ ቆጮና ቡላ የሚወጣውም ኢንሴቴ ቬንትሪኮሱም የሚባለው ዝርያ ነው። ስኮትላንዳዊው ተጓዥ ጄምስ ብሩስ እ.ኤ.አ. በ1790 ባሳተመው የጉዞ መጽሐፍ ስለ እንሰት ጽፏል። ከዚያ በኋላ ግን የዕፅዋት ሊቃውንት ለረጅም ጊዜ ከሙዝ ጋር ቆጥረውት ቆዩ፤ ራሱን የቻለ ወገን መሆኑ የጸናው የዕፅዋት ሊቁ ቺስማን እ.ኤ.አ. በ1947 ባወጣው ጥናት ነው። እንግዲህ ጎረቤት "ሙዝ ነው" ቢል አይፈረድበትም።

ለመለየት መጀመሪያ ሥሩን ይመልከቱ። ዙሪያውን ቡቃያ ያወጣ ከሆነ ሙሳ ነው፤ ብቻውን የቆመና ከታች እንደ እንስራ የሰፋ ከሆነ እንሰት። ይህ ምልክት አንድ ጊዜ ያሳስታል፤ አሚቾው በዶማ ወይም በፍልፈል የተጎዳ እንሰትም ቡቃያ ሊያወጣ ይችላል። ስለዚህ ቀጥሎ ወደ ቅጠሉ ይሂዱ። የእንሰት ቅጠል አጭርና ሰፊ እግር ይዞ ሽቅብ ይቆማል፤ የሙዝ ቅጠል ግን ቀጠን ያለ፣ በግልጽ የሚታይ እግር አለውና ወደ ጎን ይዘነበላል። አበባ ካለው ደግሞ ጥርጣሬ አይኖርም፦ በእንሰት አበባውን የሚሸፍኑት ትልልቅ ቅጠሎች ሳይረግፉ ይቆያሉ፣ በብዙዎቹ ሙዞች ግን አንድ በአንድ ተጠቅልለው ይወድቃሉ። ዘሩም ይናገራል። የእንሰት ዘር ጥቁር፣ ደንዳና፣ ከ1 እስከ 2 ሳንቲ ሜትር ነው፤ የጌጥ ሙዞች ዘር ከቁንዶ በርበሬ ብዙም አይበልጥም።

የቅጠሉ አከርካሪ መቅላት ግን መለያ አይሆንም። ቀይ አከርካሪ ያላቸው የአገር እንሰቶች ብዙ ናቸው፤ ቀይ አከርካሪ ያለው ሙዝም አለ።

ቅጠሉ ላይ ቀይ ነጠብጣብ ያለበት ችግኝ "ብርቅዬ ቀይ ሙዝ" ተብሎ ይሸጣል። እውነት ነው?

አብዛኛውን ጊዜ አይደለም። ለፍሬ የሚተከለው ተራው ካቨንዲሽ በቲሹ ካልቸር (ላቦራቶሪ ውስጥ ከትንሽ የተክል ቁራጭ) ሲባዛ የመጀመሪያዎቹ ቅጠሎቹ ላይ ወይን ጠጅ ነጠብጣብ ያወጣል። ችግኙ ጉልበት እስኪደርስ ድረስ ነጠብጣቡ እየጠፋ ይሄዳል፤ ገዢውም "ቀለሙ ለቀቀ፣ ማዳበሪያ አነሰው" ብሎ ይጨነቃል። ምንም አልጎደለውም፤ ቀድሞውንም ቀይ አልነበረም።

እውነተኛው ባለ ቀይ ነጠብጣብ ሙዝ ዜብሪና ይባላል፤ ከጃቫ ደሴት የመጣ የሙሳ አኩሚናታ ወገን ነው። ነጠብጣቡ ከሰው ቁመት በላይ ባደገ ተክል ላይም ይታያል፣ የቅጠሉም ጀርባ ይቀላል። ስለዚህ ሻጩን ችግኙን ሳይሆን እናቲቱን እንዲያሳይዎ ይጠይቁት። ትልቁን ተክል ወይም ፎቶውን ማሳየት ካልቻለ የተራ ሙዝ ዋጋ ብቻ ይክፈሉ።

ማውሬሊ የሚባለው ቀይ እንሰት ጉዳይ ደግሞ ሌላ ነው። ውጭ አገር በቲሹ ካልቸር ተባዝቶ በውድ የሚሸጠው ይህ ዓይነት የራሳችን እንሰት ቀይ መልክ ነው። ከአገሩ ቀይ አከርካሪ እንሰት የሚለየው በቅጠሉ ገጽ ነው፤ የማውሬሊ አከርካሪው ብቻ ሳይሆን ሰፊው ገጽ ራሱ ቡና ቀይ ይለብሳል፣ ግንዱም ወደ ጥቁር ቀይ ይሄዳል። ጥላ ውስጥ ከተተከለ አረንጓዴ ስለሚሆን ጥላ ሥር ባደገ ችግኝ ላይ ፍርድ አይስጡ።

ሙዝ የሚመስሉ ግን ያልሆኑ ተክሎች አሉ?

ሦስት ናቸው የሚያሳስቱት። ነጩ ስትሬሊትዚያ ቅጠሎቹ ግራና ቀኝ እንደ ማራገቢያ በአንድ መስመር ይደረደራሉ፤ ሙዝ ግን ዙሪያውን ይዞራል። ካና ግንዱ ቀጭንና ጠንካራ ነው፣ አበባውም ጫፉ ላይ እንደ ጨርቅ የሳሳ ነው። ሄሊኮኒያ ቅጠሉ ሙዝ ቢመስልም ብዙውን ጊዜ ከሰው ብዙም የማይበልጥና በቁጥቋጦ መልክ የሚበቅል ነው።

ለእኔ ሰፈር የሚስማማው የትኛው ነው?

መጀመሪያ የሚጠየቀው ከፍታው ነው። ሱሉልታና ሰንዳፋ 2500 ሜትር ገደማና ከዚያ በላይ ናቸው፤ ከጥቅምት መጨረሻ እስከ ጥር ሜዳው ላይ ውርጭ ይጥላል። ገላንና ዱከም ወደ 2100 ሜትርና ከዚያ ዝቅ ይላሉ። የሙዝ ቅጠል ዕድገት ከ14 ዲግሪ በታች ሊቆም ምንም አይቀረውም፤ ደስ የሚለው ከ26 እስከ 28 ዲግሪ ነው። የአዲስ አበባ የዓመት አማካይ 16 ዲግሪ አካባቢ መሆኑን ሲያስቡ፣ ሙቅ አገር በዓመት የሚያብብ ሙዝ እዚህ ሁለትና ከዚያ በላይ ዓመት ለምን እንደሚፈጅ ይገባዎታል።

ለሱሉልታና ለሰንዳፋ እኛ ያለ ማመንታት የምንመክረው እንሰትን ነው፤ ቀይ ከተገኘ ቀዩን። የደጋ ልጅ ነው፣ ብርዱን ያውቀዋል። በሁለተኛ ደረጃ ሙሴላ ላሲዮካርፓ ይመጣል። በዩናን ከ1500 እስከ 2500 ሜትር ከፍታ የሚበቅል አጭር ተክል ነው፤ ቁመቱ ከ1 ሜትር ተኩል ብዙም አይዘልም፣ ቅጠሉ ወደ ሰማያዊ ያደላል፣ ግንዱ አናት ላይ የሚያወጣው ቢጫ አበባ ለወራት ይቆያል። ለጠባብ ግቢ ከእርሱ የተሻለ የለም። ሦስተኛው ሙሳ ባስጁ ነው፤ ቀጭን አረንጓዴ ግንድ፣ ደማቅ አረንጓዴ ቅጠል። ውርጭ ቅጠሉን ቢያነድደውም አሚቾው በጉዝጓዝ ከተሸፈነ እዚህ ካለው ብርድ የባሰውን ችሎ ይነሣል። የጃፓን ሙዝ ቢባልም መነሻው ደቡብ ቻይና ነው።

ለሰበታ፣ ለቡራዩ ተዳፋቶችና ለለገጣፎ ከፍ ያሉ ቦታዎች ሙሳ ሲኪመንሲስ ይሞከራል። የሂማላያ ሙዝ ነው፤ በወጣትነቱ ቅጠሉ ላይ ቀይ ጭረት፣ ከአከርካሪው ሥር ወይን ጠጅ ቀለም ያሳያል። ከእስያ የሚመጣው ኢንሴቴ ግላውኩምም እዚህ ይስማማዋል፤ ግንዱና የቅጠሉ ጀርባ በጣት ሲነካ የሚለቅ ነጭ ሰም የቀባው ይመስላል፣ ከአገሩ እንሰት የሚለየውም በዚሁ ነው።

ገላን፣ ዱከምና አቃቂ ላሉ ደግሞ የአበባ ሙዞች በር ይከፈታል። ሙሳ ቬሉቲና ከ1 ሜትር ተኩል እስከ 2 ሜትር ይደርሳል፤ ሽቅብ የቆመ የአበባ ግንድ ላይ ጸጉራም ሮዝ ፍሬ ያወጣል፣ ፍሬውም ሲበስል ራሱን በራሱ ይልጣል። ሙሳ ኦርናታ አበባውን የሚሸፍነው ቅጠል ሐምራዊ ሮዝ፣ አበባው ቢጫ ነው። ሙሳ ላተሪታ ሸክላ ብርቱካናማ አበባ አለው፤ ቡቃያው ግን ከእናቲቱ ርቆ ስለሚወጣ ከድንች መደብ አጠገብ አይትከሉት። ቀይ አበባው ሙሳ ኮክሲኒያ ከሁሉም ውብ ነው፣ ከሁሉም ደግሞ ብርድ ፈሪ፤ ከ2200 ሜትር በላይ ያለ ላስቲክ ቤት ገንዘብ ማባከን ነው።

የት ጥግ ልትከለው?

አዲስ አበባ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 9 ዲግሪ ላይ ናትና በብርዱ ወራት ፀሐይ ወደ ደቡብ ታዘነብላለች። ስለዚህ ወደ ደቡብ የዞረ ግድግዳ ሥር ያለው ቦታ ቀን የሞቀውን ሌሊት መልሶ ይሰጣል። ከግድግዳው 1 ሜትር ያህል ይራቁ። ሥሩ ጅማታም ነው፣ መሠረት አያነሣም፤ ግን ቅጠሉ ቦታ ይፈልጋል።

ብዙ ሰው የማያስተውለው የአጥሩ ነገር ነው። ቀዝቃዛ አየር እንደ ውኃ ወደ ዝቅተኛው ቦታ ይፈስሳል። ግቢዎ ተዳፋት ከሆነና የታችኛው አጥር እስከ መሬት የተዘጋ ቆርቆሮ ከሆነ ብርዱ እዚያ ይገደብና ይተኛል። ያው ተክል አሥር ሜትር ከፍ ብሎ ቢተከል በማይነካው ሌሊት እዚያ ይነዳል። ወይ ከአጥሩ ሥር 20 ሳንቲ ሜትር ክፍተት ይተዉ፣ ወይ የግቢውን የታች ጥግ ለጽድ ይልቀቁት።

ከባህር ዛፍ ቢያንስ 8 ሜትር መራቅ ይበጃል፤ ውኃውን ቀድሞ ይጠጣዋል።

አፈሩንና ጉድጓዱን እንዴት ላዘጋጅ?

በቀይ አፈር ላይ ቀላል ነው። 60 በ60 በ60 ሳንቲ ሜትር ጉድጓድ ይቆፈርና ከወጣው አፈር ሁለት እጅ፣ በደንብ ከበሰበሰ ፍግ አንድ እጅ ተደባልቆ ይመለሳል። ትኩስ ፍግ ሥር ያቃጥላል፤ ቢያንስ ስድስት ወር የቆየ ይሁን። ችግኙ ማሰሮው ውስጥ ከነበረበት ከ5 ሳንቲ ሜትር በላይ ጠልቆ አይግባ።

በመረሬ አፈር ላይ ግን ጉድጓድ መቆፈር ስሕተት ነው። አቃቂና ገላን አካባቢ ብዙ የጌጥ ሙዝ የሚሞተው በብርድ ሳይሆን በሐምሌ ነው፤ ጉድጓዱ ውኃ ይይዛል፣ አሚቾው ከታች ይበሰብሳል። ምልክቱ ያሳስታል፣ ቅጠሉ ውኃ የጠማው መስሎ ይጠወልጋል፣ ባለቤቱም ይጨምርለታል። በዚህ አፈር ላይ ከ40 እስከ 50 ሳንቲ ሜትር ከፍታና 1 ሜትር ተኩል ስፋት ያለው ጉብታ ሠርተው አናቱ ላይ ይትከሉ፣ ዙሪያውንም የውኃ መውረጃ ቦይ ያውጡለት። በበጋ መረሬው ሲሰነጠቅ ሥር ይቆርጣልና 10 ሳንቲ ሜትር የጤፍ ወይም የስንዴ ጭድ ያጉዝጉዙ፤ ጭዱ ግንዱን እንዳይነካ አንድ ስንዝር ይተዉ።

ርቀት ለእንሰት 3 ሜትር፣ ለባስጁና ለሲኪመንሲስ 2 ሜትር፣ ለቬሉቲናና ለሙሴላ ከ1 እስከ 1 ሜትር ተኩል ይበቃል። ጥሩው የመትከያ ጊዜ ከግንቦት መጨረሻ እስከ ሰኔ አጋማሽ ነው። መስከረም ላይ የተተከለ ሥር ሳይሰድ ኅዳር ይደርስበታል።

ከውርጭ እንዴት ልጠብቀው?

ሰማዩ ጥርት ብሎ፣ ነፋስ ሳይኖር የመሸበት የኅዳርና የታኅሣሥ ሌሊት የሚፈራው ነው። ደመና ያለበት ሌሊት ብርድ ቢሰማዎትም ውርጭ እምብዛም አይጥልም።

ትንሽ ተክል ከሆነ አራት እንጨት ዙሪያውን ተክለው ማታ ከ12 ሰዓት በፊት በጆንያ ወይም በአሮጌ አንሶላ ይሸፍኑ፤ ጠዋት 3 ሰዓት ላይ ይግለጡት። ላስቲክ ብቻውን አይሆንም፣ ቅጠሉን የነካበት ቦታ ሁሉ ይቃጠላል። ተክሉ ትልቅ ከሆነ ቅጠሉን መከላከል አይቻልምና ግንዱን ያድኑ፤ ከመሬት እስከ አንድ ሜትር በጭድ ጠቅልለው በጆንያ ይሰሩት። ከሰዓት በኋላ አፈሩን ማጠጣትም ይረዳል፣ እርጥብ አፈር ከደረቀው የበለጠ ሙቀት ይዞ ያመሻል። ከመስከረም መጨረሻ ጀምሮ ዩሪያ መስጠት ያቁሙ፤ በዩሪያ የለሰለሰ ቅጠል ውርጭ ይወደዋል።

ውርጭ መታው፣ ቅጠሉ ቡናማ ሆኖ ተንጠለጠለ። ልቁረጠው?

አይቁረጡት። አስቀያሚ ቢሆንም የሞተው ቅጠል ለሚቀጥለው ሌሊት ግንዱን ይጋርዳል። ጥር ሲያልቅ ይቆረጣል።

የካቲት ላይ መሃል ያለውን ገና ያልተፈታ ቅጠል በእጅዎ ቀስ ብለው ይሳቡ። ካልተነቃነቀ ተክሉ ደኅና ነው። ተነቅሎ ከመጣና ከሸተተ መበስበሱ ወደ ታች እየሄደ ነው፤ በንጹሕ ቢላ ከላይ ጀምረው 10 ሳንቲ ሜትር፣ 10 ሳንቲ ሜትር እየቆረጡ ይውረዱ፣ ነጭና ጠንካራ ሥጋ ሲያገኙ ያቁሙ። ቁርጡን ውኃ እንዳይተኛበት ሰያፍ ያድርጉት። መሃሉ ሕያው ከሆነ በሙቀቱ ወራት በቀናት ውስጥ አዲስ ቅጠል ይገፋል። ሙሳ ግንዱ ሁሉ ቢሞትም ከአሚቾው ቡቃያ ስለሚያወጣ እስከ ሰኔ ድረስ ተስፋ አይቁረጡ።

ምን ያህል ውኃ፣ ምን ያህል ማዳበሪያ?

ሁለት ዓመት ለሞላው ተክል በበጋ በሳምንት ሁለት ጊዜ አንድ ጀሪካን፣ ማለትም 20 ሊትር። በክረምት ምንም። ሙዝ ፖታሲየም በላተኛ ነው፤ የእንጨት አመድ ይሰጠዋል፣ ለአንድ ተክል ግማሽ ኪሎ ያህል በዓመት ሁለት ጊዜ ከግንዱ 40 ሳንቲ ሜትር ራቅ ብሎ ዙሪያውን ይበተናል። ዩሪያ 50 ግራም በመጋቢት፣ 50 ግራም በግንቦት። ሁለቱን በአንድ ቀን አይስጡ፤ አመድ ከዩሪያ ጋር ሲገናኝ ናይትሮጂኑ በአሞኒያ መልክ ወደ አየር ይበርራል። ሽታው ራሱ ይነግርዎታል።

ቅጠሉ እንደ ጭራ ተቀደደ። በሽታ ነው?

አይደለም፣ ነፋስ ነው። ቅጠሉ በጅማቶቹ መካከል እንዲቀደድ ሆኖ የተሠራ ነው፤ ባይቀደድ ነፋሱ ግንዱን ይጥለው ነበር። የበረዶ ጉዳትም እንዲሁ በአዲስ ቅጠል ይተካል።

እንዴት ላባዛው?

ሙሳና ሙሴላ ከሥራቸው በሚያወጡት ቡቃያ ይባዛሉ። ቅጠሉ እንደ ጦር የቀጠነውን፣ ከ50 እስከ 80 ሳንቲ ሜትር የሆነውን ይምረጡ። ገና ትንሽ ሆኖ ሰፊ ቅጠል ያወጣው ቆንጆ ይመስላል እንጂ ከእናቲቱ ጋር ያለው ግንኙነት ደካማ ነው፤ ሲነቀል ቶሎ አይነሣም። በተሳለ አካፋ በእናቲቱና በቡቃያው መካከል ቁልቁል ይምቱ፣ የአሚቾ ቁራጭ ይዞ ይውጣ። ሥሩንና የጠቆረውን ገጽ ነጭ እስኪሆን ይላጡና በፈላ ውኃ ውስጥ ለ30 ሰከንድ ነክረው ያውጡት፤ ይህ ዓይን የማያያቸውን የሥር ትሎች ይገድላል። ከ30 ሰከንድ ካለፈ ቡቃያውም ይቀቀላል። ቴርሞሜትር ያለው በ55 ዲግሪ ውኃ ለ20 ደቂቃ ቢያቆየው ይሻላል። ጭማቂው ልብስ ላይ ከነካ ቡናማ ሆኖ ይቀራልና አሮጌ ልብስ ይልበሱ።

እንሰት ግን ተተኪ ስለማይሰጥ ይገደዳል። ይህን የደቡብ ገበሬ ከጥንት ጀምሮ ሲሠራበት ኖሯል፤ ለቀዩም ያው ነው።

1. ጥር ወይም የካቲት ላይ ከ2 እስከ 4 ዓመት የሆነ ጤነኛ ተክል ነቅለው ሥሩን ያጽዱ፤ ግንዱን ከአሚቾው 15 ሳንቲ ሜትር ከፍ አድርገው ይቁረጡ።
2. የመሃሉን እምብርት በቀጭን ቢላ ቆፍረው ያውጡ። ዋናው ሥራ ይሄ ነው፤ እምብርቱ ከተረፈ አንድ ወፍራም ቅጠል ብቻ ይገፋል እንጂ ችግኝ አይበዛም።
3. ቁስሉ እንዲደርቅ ከ2 እስከ 5 ቀን ጥላ ሥር ይቆይ።
4. ቀዳዳውን በአፈርና በትንንሽ ድንጋይ ሞልተው፣ ፍግ በተቀላቀለበት ጉድጓድ ይቅበሩና 10 ሳንቲ ሜትር ያህል አፈር ያልብሱት።

ቡቃያው ከሁለት እስከ አራት ወር ይወጣል፤ ከአንድ አሚቾ ከአርባ በላይ ሊገኝ ይችላል። በተከታዩ ዓመት ግንቦት ላይ ለያይተው ይትከሉ።

ከኢንተርኔት የተገዛ ዘር ይበቅላል?

ትክክለኛ ዘር ከሆነ ይበቅላል። "ሰማያዊ ሙዝ" ተብሎ ደማቅ ሰማያዊ ፎቶ ያለበት ሁሉ ማታለያ ነው። ብሉ ጃቫ የሚባለው የሚበላ ሙዝ በእርግጥ አለ፣ ግን ፍሬው ከመብሰሉ በፊት ሰም የለበሰ ብርማ አረንጓዴ ነው እንጂ ሰማያዊ አይደለም፣ ደግሞም ዘር የለውም። የሚበላ ሙዝ ዘር የሚሸጥ ሰው የሌለ ነገር እየሸጠ ነው።

ቬሉቲና፣ ኦርናታ፣ ሲኪመንሲስና እንሰት ከዘር ይወጣሉ። ዘሩ ለብ ባለ ውኃ ለ48 ሰዓት ይነከር፣ ውኃው በየ12 ሰዓቱ ይቀየር። ግማሽ አሸዋ፣ ግማሽ ኮምፖስት ላይ 1 ሳንቲ ሜትር ያህል (የእንሰቱን 2 ሳንቲ ሜትር) ይቅበሩትና በላስቲክ ሸፍነው ቀን 30፣ ሌሊት 20 ዲግሪ ገደማ በሚሆንበት ቦታ ያቆዩት። የቀንና የሌሊቱ ልዩነት ራሱ ዘሩን ይቀሰቅሰዋል፤ ሁልጊዜ እኩል ሙቀት የሚያገኝ ዘር ሊተኛ ይችላል። ፀሐይ የሚያገኝ መስኮት ሥር ያለ የተከደነ ሳጥን በቂ ነው። ከሦስት ሳምንት እስከ ስድስት ወር ይፈጃል፣ ቶሎ ብለው አይድፉት።

ዘርም ሆነ ችግኝ ከውጭ ለማስገባት ከኢትዮጵያ ግብርና ባለሥልጣን የማስገቢያ ፈቃድ፣ ከላኪው አገር ደግሞ የዕፅዋት ጤና ምስክር ወረቀት ያስፈልጋል። በሻንጣ የሚገባ ቡቃያ አፈር ወለድ በሽታ ይዞ ሊመጣ ይችላል፤ ካቨንዲሽን የሚገድለው የፉዛሪየም ፈንገስ አዲሱ ዓይነት እ.ኤ.አ. በ2013 ሞዛምቢክ ደርሷል።

ነጭና አረንጓዴ የተዥጎረጎረው ሙዝስ?

በሃዋይ አኤ አኤ የሚባለው ነው። ከጌጥ ሙዞች ሁሉ ውዱና አስቸጋሪው። ነጩ ክፍል ምግብ አያዘጋጅም፣ በደጋ ፀሐይም በቀላሉ ይነዳል። ከቡቃያው ሙሉ ነጭ የሆነው ይሞታል፤ ሙሉ አረንጓዴው ፈጥኖ ያድግና የተዥጎረጎረውን ይውጠዋል፣ ስለዚህ ገና ሲወጣ ይነቀል። በዚህ ከፍታ ከላስቲክ ቤት ውጭ አይሞከር።

ተክሉ ያለ ውርጭ በድንገት ጠወለገ፣ ምን ይሆናል?

ሁለት ነገር ይጠርጥሩ፤ ፍልፈል ወይም አጠውልግ።

ፍልፈል ከሆነ አጠገቡ አዲስ የአፈር ቁልል አለ፣ ተክሉንም ሲገፉት ይወዛወዛል። አሚቾውን ከታች በልቶታል። ለሚቀጥለው ችግኝ ጉድጓዱን ከታችም ከጎንም ጠንካራ የሽቦ መረብ ያልብሱት።

የእንሰት አጠውልግ በሽታ የበለጠ ያስፈራል። ዛንቶሞናስ በሚባል ባክቴሪያ ይመጣል፤ ተመራማሪዎቹ ዳኛቸው ይርጉና ብራድበሪ እ.ኤ.አ. በ1968 በእንሰት ላይ፣ በ1974 ደግሞ በሙዝ ላይ ከኢትዮጵያ መዝግበውታል። መጀመሪያ የመሃሉ ወይም አንዱ ቅጠል ይገረጣል፣ ቀጥሎ ሁሉም ቢጫ ሆኖ ይታጠፋል። ለማረጋገጥ የቅጠሉን እግር ወይም ግንዱን ቆርጠው ከ5 እስከ 15 ደቂቃ ይጠብቁ፤ ከቁርጡ ላይ ክሬም ወይም ቢጫ ዝልግልግ ፈሳሽ ከወጣ እርሱ ነው። መድኃኒት የለውም። ከነአሚቾው ነቅለው፣ ቆራርጠው በጥልቅ ጉድጓድ ይቅበሩት፤ ወደ ኮምፖስትም ወደ ወንዝም አይጣል። ቦታው ቢያንስ ስድስት ወር ሙዝም እንሰትም አይተከልበት።

በከተማ ዙሪያ ዋናው አስተላላፊ ቢላ ነው። በመስቀል፣ በገናና በፋሲካ ዋዜማ አንድ ቆራጭ በአንድ ቢላ ከግቢ ግቢ እየዞረ የኮባ ቅጠል ይቆርጣል። ቆራጩን ከማስገባትዎ በፊት ቢላውን በእሳት ነበልባል ያስነኩ፣ ወይም አንድ እጅ በረኪና ለአምስት እጅ ውኃ በሆነ ውህድ ያስነክሩት፤ በአንዱ ተክልና በሌላው መካከልም እንደገና። የሚያብብ ሙዝ ካለዎት ደግሞ የመጨረሻው ፍሬ ከተቋጠረ በኋላ ከሥሩ የተንጠለጠለውን የወንዴ አበባ ጉብ ጫፉ መንታ በሆነ እንጨት ጠምዝዘው ይስበሩት፣ በነፍሳት የሚመጣው በዚያ በኩል ነው። አበባው ሽቅብ የሚቆምባቸው የጌጥ ሙዞች ላይ ግን አበባውን ማጥፋት የተተከሉበትን ምክንያት ማጥፋት ነውና እነርሱን ከታመመ ኮባ ማራቅ ብቻ ነው ያለው።

ቅጠሉን ለዳቦ ብቆርጥ ይጎዳል?

ከመሃል ያሉትን አራት አምስት ወጣት ቅጠሎች ካልነኩ አይጎዳም። በአንድ ጊዜ ከሲሶ በላይ አይውሰዱ፣ ከጥቅምት እስከ ጥር ደግሞ ጭራሽ ቢተዉት ጥሩ ነው፤ የገና ዳቦ የግድ ከሆነ የታችኞቹ ሁለት ይበቃሉ። ቅጠሉ እንዳይሰነጠቅ እሳት ላይ ለአፍታ ማለብለብ ነው። የሙሳ ቅጠልም ይሆናል፣ ግን ቀጭን ነው፣ በነፋስ የተቀደደም ሊጥ አይዝም።

ፍሬው ይበላል?

የቬሉቲና ሥጋ ይጣፍጣል፣ ጥርስ የሚሰብር ዘር ግን ሞልቶታል። የሌሎቹ ለመብላት አይሆንም።

በፎቶ ለማስለየት ምን ላንሣ?

ሙሉውን ተክል ከአጠገቡ ሰው ወይም አካፋ አቁመው፤ ግንዱን ከአፈሩ ጋር የሚገናኝበትን ቦታ፤ የቅጠሉን እግር የተቆራረጠ እንዳይሆን በቅርብ፤ የቅጠሉን ጀርባ ሰሙ እንዲታይ ሳይነኩ፤ ካበበ አበባውን ከጎን፣ ሽቅብ መቆሙ ወይም መንጠልጠሉ እንዲታወቅ። ዘር ካለ ከሳንቲም ጎን ያስቀምጡት። ከፍታውንና የተተከለበትን ዓመት ይጻፉ። የአንድ ቅጠል ፎቶ ብቻ የላከ ሰው የሚያገኘው መልስ "ሙዝ ሳይሆን አይቀርም" የሚል ነው።